ለቅሜ የጣልኩት ገብስ

የአባቴን ገብስ የማያውቅ ሰው ቢያየው ከአራት ሰው ጓዳ የተለመነ ይመስለዋል። ነጩ ይበዛል። በነጩ መሀል ጥቁር አለ፤ ቀጭን ረጅም ስናር አለ፤ አልፎ አልፎ ደግሞ ወይን ጠጅ መልክ ያላት፣ ሆዷ ሞላ ያለ አንዲት ዓይነት አለች። ይቺን የመጨረሻዋን እናቴ ስታገባ ከሰበታ ወዲያ ካለው የቤተሰቧ አገር በነጠላዋ ጫፍ ቋጥራ እንዳመጣቻት አባቴ ይናገራሉ። ስም የላትም። እኛ ቤት «የእሷ» ነበር የምትባለው። እናቴ ከሞተች በኋላም «የእሷ» እንደተባለች ቀረች።

ስናር ገብስ አይደለም። ሳይዘሩት ከገብስ መሀል የሚበቅል፣ ገብስ መስሎ የሚያድግ የዱር ነገር ነው። ሌላ ገበሬ ያገኘውን ሁሉ ይነቅለዋል። አባቴ ግን ሲያርሙ ግማሹን ነቅለው ግማሹን ያልፉታል። «ዘመድ ነው፤ ዘመድ ቢያስቸግርም ከበር አይመለስም» ይላሉ።

መሬታችን ሱሉልታ ነበር፣ ክረምት ውሃ የሚተኛበት ሜዳ ዳር። እዚያ ዓመቱ እንዴት እንደሚውል ማንም አያውቅም። አንዱ ዓመት ውሃው ሥሩን ያበሰብሰዋል፣ ሌላው ዓመት የጥቅምት ውርጭ ያቃጥለዋል። አንድ ቀን ልጅ ሆኜ ለምን ሁሉንም ቀላቅለው እንደሚዘሩ ጠየቅኋቸው። እኔ ብዙ አልጠይቅም ነበርና ደስ ብሏቸው ቁጭ ብለው መለሱልኝ።

«ነጩ ለደግ ዓመት ነው። ጥቁሩ ውሃ ቢተኛበትም ይቆማል። ስናሩ ምንም ቢመጣ አይሞትም። የእሷ ደግሞ ውርጩ ሳይደርስ ቀድማ ትደርሳለች። የትኛው እንደሚያስፈልገኝ ሰኔ ላይ አላውቅም። ስለዚህ ሁሉንም እዘራለሁ።»

ሦስተኛ ክፍል ሳለሁ ይመስለኛል፣ ዘር የሚሰበስቡ ሁለት ወጣቶች፣ አንድ ወንድና አንዲት ሴት፣ በመኪና ቤታችን መጡ። እኔ ሰው ሲመጣ ከበሩ ኋላ መደበቅ ልማዴ ስለነበር የሆነውን ሁሉ ያየሁት በበሩ ስንጥቅ ነው። ከገብሳችን አንድ እፍኝ እንድንሰጣቸው ለመኑ። እናቴ ወዲያው ሰፌድ አንስታ መልቀም ጀመረች። ልጅቷ እጇን ያዘቻት።

«ይተዉት እናቴ፣ አይልቀሙት። እንዳለ ነው የምንፈልገው።»

«ለእንግዳ? ያልተለቀመ እህል? የጠላኋችሁ እንዳይመስላችሁ!»

አባቴ ሳቁ። ልጅቷ እፍኙን እንዳለ በጨርቅ ከረጢት አድርጋ ላዩ ላይ ጻፈችበትና ሄዱ። እናቴ ቀኑን ሙሉ አፍራ ዋለች። እኔም ነገሩን ረሳሁት።

ስድስተኛ ክፍልን እንደጨረስኩ እናቴ ሞተች። ትምህርቴም እዚያው ላይ ቆመ። ከጥቂት ዓመት በኋላ መሬቱ ለግንባታ ተወሰደና በግንብ ታጠረ። እኔና አባቴ ቡራዩ ሁለት ክፍል ቤት ገባን። ከቤቱ ዕቃ ሁሉ አባቴ በእጃቸው ታቅፈው የተሳፈሩት የዘሩን ከረጢት ብቻ ነው። የታክሲው ረዳት «አባባ፣ ጣራ ላይ እንጫነው» ቢላቸው «አንተ ልጅህን ጣራ ላይ ትጭናለህ?» አሉት።

ዘር በየጊዜው ካልተዘራ ከረጢት ውስጥ እያለ ይሞታል። አባቴ ይህን ስለሚያውቁ በየዓመቱ ሰኔ ሲገባ ሱሉልታ ወደሚኖሩት ታናሽ ወንድማቸው፣ ወደ አጎቴ ይሄዳሉ። አጎቴ ከማሳቸው ጥግ ሩብ ጥማድ ያህል ይለቁላቸዋል። ከዚያች የሚገኘው ገብስ ለበሶም ለቆሎም አይበቃም። አባቴ የሚዘሩት ለመብላት አልነበረም። ዘሩ እንዳይጠፋ ነበር።

እኔ በበኩሌ ሰበታ አንድ የእህል መጋዘን ውስጥ ለቃሚ ሆኜ ተቀጠርኩ። ጠዋት ከቡራዩ በአየር ጤና በኩል ሁለት ታክሲ ይዤ እሄዳለሁ። ሥራው ሰፌድ ይዞ መቀመጥ ነው። ጠጠሩን፣ እንቅርዳዱን፣ መልኩ ከሌላው የማይገጥመውን ፍሬ ሁሉ እየለቀሙ መጣል ነው። ሰው ፊት መናገር ስለማይሆንልኝ ሥራው ተስማማኝ። አፌ የማይችለውን እጄ ቻለ። የመጋዘኑ ባለቤት ከወሎ የመጡ ነጋዴ ናቸው። ሲያልፉ ሰፌዴን አየት አድርገው ለሌሎቹ «እንደ እሷ ልቀሙ! አንድ ጥቁር ፍሬ ካየሁ ኩንታሉን ሙሉ አስመልሳለሁ» ይሉ ነበር። በሕይወቴ ሰው ፊት የተመሰገንኩት እዚያ ብቻ ነው። ጥቁር ፍሬ ስም የሚያጠፋ ነገር እንደሆነ የተማርኩትም እዚያ ነው።

አምና ግንቦት መጨረሻ ላይ አባቴ የተሳፈሩበት ባጃጅ ተገለበጠና ጭናቸው ተሰበረ። ሐኪሙ እስከ ጥቅምት እንዳይራመዱ አለ። አባቴ ስለ እግራቸው አንድም ቃል ሳይናገሩ ያሉኝ ይህን ነው፦ «ልጄ፣ ሰኔ እኮ ደረሰ። ዘሩን ለአጎትሽ አድርሺልኝ።»

ከረጢቱን ፈታሁ። አንድ ቁና ተኩል ያህል ይሆናል። ወደ ውስጥ ሳየው አፈርኩ። በመጋዘናችን ሚዛን ላይ ቢወጣ የሚሳቅበት እህል ነው። ልጅ ሆኜ የነገሩኝን ሁሉ የመጋዘኑ ሥራ አስረስቶኝ ነበር፤ አባቴ ዓይናቸው ደክሞ፣ እናቴም ሞታ፣ ለቃሚ አጥቶ እንዲህ የቀረ መሰለኝ። የሁሉን ሰው እህል እያጠራሁ የአባቴን መተዌ አሳዘነኝ። በሁለት እሑድ፣ እሳቸው በውስጠኛው ክፍል ተኝተው ሳሉ፣ ፍሬ በፍሬ ለቀምኩት። ጥቁሩን፣ ስናሩን፣ ቀይ ነገር ያለባትን ሁሉ። ስጨርስ የቀረው ገብስ እንደ ጥርስ ነጭ ነበር። እስኪድኑ ዝም ብዬ፣ በመከር ሲያዩት እንዲደነቁ አሰብኩ። ልቃሚውን በፌስታል አድርጌ ለጎረቤቴ ለዶሮዎቿ ሰጠኋት።

አጎቴ ዘሩት። አላዩትም ማለት ይቻላል፤ ዝናብ እየመጣ ስለነበር ተቻኩለው በተኑት።

ከዚያ በኋላ በየሁለት ሳምንቱ እሑድ ለአረም ወደ ሱሉልታ እሄዳለሁ። ስመለስ አባቴ አልጋው ላይ ቀና ብለው ይጠብቁኛል።

«እንዴት ነው? ጥቁሩ ወጣ?»

መጀመሪያ ላይ ጥያቄው አልገባኝም። «ሁሉም ወጥቷል አባባ» አልኩ።

በነሐሴ ውሃ ተኛበት። በዝቅተኛው ጥግ ያለው ገብስ ቢጫ ሆነ። ለአባቴ ነገርኳቸው። አልደነገጡም። «ግድ የለም፣ እዚያ ጥቁሩ ይቆማል» አሉ። ያን ጊዜ ልጅ ሆኜ የነገሩኝ ሁሉ አንድ በአንድ መጣብኝ። የትኛው እንደሚያስፈልገኝ አላውቅም ያሉት። ከበሩ ኋላ ሆኜ የሰማሁት፣ አይልቀሙት ያለችው ልጅ። መናገር የነበረብኝ ያኔ ነው።

መስከረም ላይ ገብሱ አሸተ። አጎቴ ማሳው ዳር ቆመው ጢማቸውን እያሻሹ አዩት።

«አንቺ፣ ዘንድሮ ገብሳችሁ ወታደር መስሏል እኮ! ሁሉም አንድ ልብስ ለብሶ ተሰልፏል።» ከዚያ ሳቃቸው ቆመ። «ጥቁሩ የታለ? የእሷስ?»

መሬት መሬት አየሁ። አጎቴ ገባቸው መሰለኝ። «በመከር ጊዜ አባትሽ በክራንችም ቢሆን ይመጣል። እኔ አልነግረውም። አንቺ ንገሪው» አሉ።

እስከ ኅዳር ሁለት ወር ነበረኝ።

ቤት ስደርስ አባቴ ጠየቁኝ። «የእሷ አሸተች? ከሁሉ ቀድማ ነው የምታሸተው።»

«አዎ አባባ» አልኩ። ይህን ቃል እስከ ዛሬ አልረሳውም። የለቀምኩት ባለማወቅ ነው። «አዎ» ያልኩት ግን እያወቅሁ ነው።

በማግስቱ ጎረቤቴ ጋ ሄድኩ። ከደቡብ የመጣች ናት፣ ባሏ ግንበኛ ነው፣ እሷ ፋብሪካ ትሠራለች። በሰኔ የሰጠኋት ልቃሚ ቀርቶ እንደሆነ ጠየቅኋት። እጇን አጨበጨበች።

«ወይ ጉድ! በሰኔ የሰጠሽኝን በመስከረም ትጠይቂኛለሽ? ዶሮዎቹ በሉት፣ እንቁላሉን አንቺና አባትሽ በላችሁት። አሁን ከማን ሆድ ላውጣልሽ?»

ለመሳቅ ሞከርኩና አለቀስኩ። እሷም ደንግጣ «በጌታ! ለዶሮ ጥሬ ነው እንዴ የምታለቅሺው?» እያለች ፌስታሉን ከበሩ ጀርባ ፈልጋ አመጣችው። ሽንኩርት ይዛበት ኖሯል። ገልብጠን አራገፍነው። ከታች ከእጥፋቱ ውስጥ፣ በጭራቸው ተጣብቀው፣ አሥራ አንድ የስናር ፍሬዎች ወጡ። ሌላ ምንም የለም። «ይሄ እኮ ሳር ነው» አለች። በመሀረቤ ቋጠርኳቸው።

ጥቅምት ላይ ከአጎቴ ማሳ ስመለስ በአሮጌው መሬታችን በኩል አለፍኩ። ከታጠረ ጀምሮ በዚያ መሄድ አልወድም ነበር። ግንባታው ገና አልተጀመረም፤ ግንቡ፣ የብረት በሩና የጥበቃ ቤቱ ብቻ ናቸው ያሉት። በበሩ ክፍተት ወደ ውስጥ ሳይ፣ ድሮ አውድማችን በነበረበት ጥግ ላይ የቆመ ነገር አየሁ። ከወደቀ ፍሬ ማንም ሳይዘራው በራሱ የሚበቅለውን እህል አባቴ ገቦ ይሉታል። ገቦ ነበር። አጭር፣ የተጎሳቆለ፣ ከሳር ጋር የተናነቀ፤ ነገር ግን ራሱን ያወጣ ገብስ። ከመሀሉ ጥቁር ዘለላ ይታያል።

በሩ ፊት ምን ያህል እንደቆምኩ አላውቅም። ማንኳኳት ፈራሁ። በመጨረሻ ጠባቂው ራሳቸው ብቅ አሉ፤ ካፖርት የለበሱ ሸምገል ያሉ ሰው ናቸው።

«አካም ጂርቱ፣ ኦቦ» ብዬ በኦሮምኛ ሰላምታ ሰጠሁ።

«ምን አልሽ? ሰው ነው የምታናግሪው ወይስ ትንኝ?»

«ገብስ... ገብስ ፈልጌ ነበር።»

«ገብስ? ገበያው ቅዳሜ ነው ልጄ። እዚህ ያለው ድንጋይና እኔ ነን።»

በጣቴ አሳየኋቸው። ዞረው አዩ። «ያ ሳር? እሱንማ ነገ ለላሜ ላጭደው ነው።»

«የአባቴ ነው» አልኩ። ያን ያህል ጮክ ብዬ የተናገርኩበትን ሌላ ቀን አላስታውስም።

«የአባትሽ ሳር!» ሳቁ። ከዚያ ፊቴን አዩና ሳቃቸውን ተዉት። «የእኚያ የገብሱ ሰውዬ ልጅ ነሽ? የተቀላቀለውን የሚዘሩት?» ብለው አባቴ ደህና መሆናቸውን በኦሮምኛ ጠየቁኝ። መሰበራቸውን ነገርኳቸው። «ግቢ። ሰው መጥቶ ቢጠይቅ የላሜ አጫጅ ነሽ» አሉና በሩን ከፈቱልኝ።

ነጭ ነበር፣ ጥቁር ነበር፣ ስናርማ በሽ ነበር። ዘለላ ዘለላውን በነጠላዬ ሰበሰብኩ። አንድ ጭብጥ ያህል የሚሆነውን ደግሞ ጠባቂው «ይሄስ ይቅር፣ እዚሁ ይውደቅ፤ ከርሞ ብትመጪ ታገኚዋለሽ» ብለው አስተዉኝ። የላማቸውን ሳር ነበር የሚሰጡኝ።

አባቴን በራችን ላይ ፀሐይ ሲሞቁ አገኘኋቸው። ነጠላውን ጭናቸው ላይ ዘረጋሁ። አንድ ዘለላ አነሱና አገዳውን በጣታቸው ለኩ።

«ይሄ ከአጎትሽ ማሳ አይደለም። ሰው ያልዘራው ነው። ከየት አመጣሽው?»

ነገርኳቸው። ከሰፌዱ ጀምሬ፣ ዶሮዎቹን፣ «አዎ» ያልኩትን፣ ሁሉንም። ስናገር ቀና ብዬ አላየኋቸውም።

«ለምን?» አሉ ስጨርስ።

«ንጹሕ እንዲሆንልዎት ብዬ ነው።»

ዘለላዎቹን መለየት ጀመሩ። ነጩን በግራ፣ ጥቁሩን በቀኝ፣ ስናሩን ጉልበታቸው ላይ። ጨርሰው እንደገና ከመጀመሪያው አገላበጡት። ሦስተኛም ጊዜ አገላበጡት። ምን እንደሚፈልጉ አውቃለሁ። እኔም ገቦው መሀል ተንበርክኬ እሷን ነበር ስፈልግ የዋልኩት።

«የእሷ የለችም» አሉ።

ቁጣ አልነበረበትም። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር። ያን ቀን እራት አልበሉም።

በማግስቱ ለሥራ ስወጣ ጠሩኝ። «እናትሽም ለእነዚያ እንግዶች ልትለቅምላቸው ነበር እኮ። አስታወስሽ? ከእሷ ነው የወረስሽው።» ፈገግ ለማለት የሞከሩ መሰለኝ። ዘር ሰብሳቢዎቹ የወሰዱት እፍኝ አንድ ቦታ ይኖር ይሆናል አሉ፤ ግን ከየት እንደመጡ ያኔ አልጠየቅናቸውም፣ ወረቀትም አልተዉልንም።

በኅዳር አባቴ በክራንች ሱሉልታ ሄደው ነጩን ማሳ አዩ። ከላይ ያለው መልካም ነበር። ዝቅተኛው ጥግ ገለባ ብቻ ሆነ። ጥጉ ላይ ቆመው ቆዩና «አልፈርድበትም፤ ብቻውን ነበር» አሉ። ስለ ገብሱ ነው።

እኔ ግን ማረፍ አልቻልኩም። የምሠራው ሰበታ ነው፤ የእናቴ አገር ከዚያ ብዙ አይርቅም። ቅዳሜ ከሰዓት ሥራ የለንም። ታኅሣሥ ላይ በየቅዳሜው ከመጨረሻው የታክሲ ማቆሚያ ወርጄ በእግሬ ወደ ገጠሩ እሄድ ጀመር። የማላውቀው ሰው በር ላይ ቆሜ፣ የእናቴን ስም ጠርቼ፣ ወይን ጠጅ መልክ ያላት ገብስ አላችሁ ወይ ብዬ መጠየቅ። ይህን የማደርገው እኔ ነኝ ብዬ ለራሴም ማመን አቃተኝ። በአንዱ ቤት ውሻ አባረረኝ። በሌላው ቤት ሴትዮዋ «ገብስ ፍለጋ ነው ወይስ ባል ፍለጋ? ባል ከሆነ ወንድሜ አለ» ብላ ቤቱን አሳቀችብኝ። አንድ ጎልማሳ ገበሬ ደግሞ ጎተራቸውን ከፍተው አሳዩኝ። «እኛ አሁን የምንዘራው የቢራ ገብስ ነው። ሁሉም አንድ ዓይነት ነው፣ ሌላ ከተገኘበት ፋብሪካዎቹ አይረከቡንም» አሉ። እጃቸውን ጎተራው ውስጥ አስገብተው አፍሰው አሳዩኝ። የእኔ ሰፌድ ውስጥ ያለ ይመስል ነበር።

በአራተኛው ቅዳሜ የመንደሩ ሰዎች ዳገቱ ላይ ብቻቸውን ወደሚኖሩ አሮጊት ላኩኝ። የእናቴ የአጎት ሚስት ናቸው፤ ዓይናቸው በሞራ ተጋርዷል። እናቴን ስጠራላቸው ፊቴን በእጃቸው ዳሰሱ።

«ገብስ? ለጠላ ብዬ ጓሮዬ የማስዘራት ጥቂት አለች። ምን ምን እንዳለባት ግን አትጠይቂኝ። ዓይኔ ከደከመ ወዲህ ለቅሜ አላውቅም። ያው የወጣው ይዘራል፣ የተዘራው ይወጣል። ለሰው ለመስጠት እንኳ አፍራለሁ።»

አንድ ጣሳ ሰፈሩልኝ። ደጅ ወጥቼ በፀሐይ መዳፌ ላይ ዘረጋሁት። እጄ ለመልቀም ሲቸኩል ያዝኩት። ከነጩና ከጥቁሩ መሀል ሆዳቸው ሞላ ያሉ፣ ቀላ ያሉ ፍሬዎች አየሁ። ሰባት ናቸው። የእኔ ዓይን ጥሩ ነው፤ ያጠፋኋትም በጥሩ ዓይኔ ነው። እሷን ጠብቀው ያቆዩልኝ፣ እሷ ከሆነች፣ የማያዩ ዓይኖች ናቸው።

አባቴ አንዷን በጥፍራቸው ጫን አድርገው፣ ወደ ብርሃን አዙረው፣ አሽትተው መለሷት።

«ልትሆን ትችላለች። ላትሆንም ትችላለች። ዘሩ ብቻውን አይናገርም፤ ስታሸት ነው የምትታወቀው። ዘርተን እናያታለን።»

አሁን ግንቦት ነው። እኔ አሁንም መጋዘን እለቅማለሁ፤ እንጀራዬ ነው። ከቤታችን ግን ሰፌዱን አውጥቼ ለጎረቤቴ ሰጥቻታለሁ። ከገቦው ያገኘሁት ጥቁርና ስናር፣ የአጎቴ ማሳ ነጭ፣ የአሮጊቷም ጣሳ፣ አሥራ አንዱም የስናር ፍሬ በአንድ ከረጢት ተቀላቅለዋል። የቀላቀልኩት እኔ ነኝ። አባቴ አጠገቤ ተቀምጠው «አሁንም አማስይው» እያሉ እጄን እስከ ክርኔ እንዳስገባ አደረጉኝ። ዘንድሮ የምትበትኚው አንቺ ነሽ ብለውኛል፤ እግራቸው እርሻ ላይ አይቆምላቸውም።

ሰባቱ ፍሬዎች ብቻ ለብቻቸው ናቸው፣ በአባቴ የመድኃኒት ጠርሙሶች ውስጥ። አራቱን ማሳው ጥግ ላይ፣ ውሃ በማይተኛበት ለብቻ እንዘራቸዋለን። ሦስቱን ግን አባቴ በአንዱ ጠርሙስ ከድነው ትራሳቸው ሥር አደረጓቸው። ለምን እንደሆነ አልጠየቅኋቸውም። ዓመቱ እንዴት እንደሚውል ሰኔ ላይ አይታወቅም።